አክቹዋሪያል ማቲማቲክስ መማር እፈልጋለሁ፤ የዲፓርትመንት ፎርሙ ላይ ግን የለም

የሳቢያን ልጅ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም ናችሁ? የድሬ ልጅ ነኝ። ፍሬሽማን በናቹራል ሳይንስ ጨርሻለሁ። አሁን የዲፓርትመንት ምርጫ ፎርም ተሰጥቶናል፤ እስከ ሰኞ መመለስ አለበት። መማር የምፈልገው አክቹዋሪያል ማቲማቲክስ ነው። የኢንሹራንስና የጡረታ ሒሳብ ማለት ነው። ፎርሙ ላይ በዚህ ስም የሚጠራ ዲፓርትመንት የለም። ለእሱ የሚቀርቡት ስታቲስቲክስና ማቲማቲክስ ናቸው።

ነገሩ ውስጤ የገባው ባለፈው ክረምት ነው። የአጎቴ ባጃጅ ተገጭቶ ካሳ ሲጠይቅ አብሬው ስመላለስ ነበር። አረቦኑን፣ ለኢንሹራንሱ የሚከፈለውን ማለቴ ነው፣ ማን ተመነው? ለምን ይሄን ያህል ሆነ? ብዬ ጠየቅኩ። የመለሰልኝ ሰው አልነበረም። ቤት ገብቼ ሳነብ ይህን የሚያሰላ አክቹዋሪ የሚባል ባለሙያ እንዳለ አወቅኩ። ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ እዚያ ነው።

አባቴ ጤና እንድገባ ይፈልጋል። ወንድሜ ሶፍትዌር ይላል። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ። በዚህ ዲግሪ የሚመረቅ ሰው ምን ምን ኮርስ ይወስዳል? ከዚያ ውስጥ እዚህ ላገኝ የምችለው የትኛውን ነው? ስታቲስቲክስ ይሻላል ወይስ ማቲማቲክስ?

ከዚራ ጥላ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡05

እህቴ፣ በርቺ። እኔም ከዚራ ነው ያደግኩት፤ አሁን አሜሪካ ነኝ። የተመረቅኩት በዚሁ ትምህርት ስለሆነ የወሰድኩትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ካልኩለስ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስቱም ግዴታ ናቸው። ካልኩለስ ሦስት ላይ ያለው ድርብ ኢንተግራል በኋላ ፕሮባቢሊቲ ላይ ተመልሶ ይመጣል። እኛ ክፍል ብዙ ልጅ የወደቀው ፕሮባቢሊቲው ከብዶት አልነበረም። ኢንተግራሉን ከየት ጀምሮ የት እንደሚያቆም ስለጠፋው ነው። ከካልኩለስ ጎን ሊኒየር አልጀብራ አለ።

ቀጥሎ ፕሮባቢሊቲ፣ ከዚያ ማቲማቲካል ስታቲስቲክስ። እነዚህን ሁለቱን አጥብቀሽ ካልያዝሽ የሚከተለው ሁሉ ይንገዳገዳል።

ከዚያ የወለድ ሒሳብ ይመጣል። ዛሬ በእጅሽ ያለ 1,000 ብርና የዛሬ ዓመት የሚሰጥሽ 1,000 ብር እኩል አይደሉም። ወለዱ 10 በመቶ ከሆነ የዛሬ ዓመቱ 1,000 ብር ዛሬ የሚያወጣው 909 ብር ከ9 ሳንቲም ነው። ኮርሱ በሙሉ የሚወጣው ከዚህች መስመር ነው። ብድር፣ ቦንድ፣ በየወሩ የሚከፈል ጡረታ፣ ሁሉም።

ቀጥሎ ላይፍ ኮንቲንጀንሲስ። የወለዱን ሒሳብ ከመኖርና ከመሞት ዕድል ጋር የሚያገናኘው ይህ ነው። ብሩ እንደሚከፈል ታውቂያለሽ፤ መቼ እንደሚከፈል ግን አታውቂም። እኔ በጣም የወደድኩት ይህን ኮርስ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ቁጭ ብዬ የሠራሁት ሌላ ኮርስ የለም።

መጨረሻ አካባቢ ሪግሬሽን፣ ታይም ሲሪስና የሪስክ ሞዴሎች አሉ። ከሒሳብ ውጭ ደግሞ ማይክሮና ማክሮ ኢኮኖሚክስ፣ አካውንቲንግ፣ ኮርፖሬት ፋይናንስ። አንድ የፕሮግራሚንግ ኮርስም ነበረን፤ አር በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው የተማርነው። ዲግሪው በጠቅላላው ወደ 120 ክሬዲት አወር ነበር። የሙያው ልብ የምለው ግን አሁን የቆጠርኩልሽን ነው።

አንድ ነገር ልብ በዪ። ዲግሪው ብቻውን አክቹዋሪ አያደርግም። የሙያ ማኅበሩ ፈተና አለ። እዚህ ያለው ሶሳይቲ ኦፍ አክቹዋሪስ ይባላል፤ በ1949 የተመሠረተ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፈተናዎች ፒ እና ኤፍኤም ናቸው። ፒ ፕሮባቢሊቲ ነው፤ 30 ጥያቄ በ3 ሰዓት። ኤፍኤም ያ የወለድ ሒሳብ ነው። ኢኮኖሚክስን፣ አካውንቲንግና ፋይናንስን፣ ማቲማቲካል ስታቲስቲክስን ግን ማኅበሩ በዩኒቨርሲቲ ኮርስ ይይዝልሻል። ኮርሱን የተቀበለው መሆን አለበት፤ ውጤትሽም ከቢ ማይነስ መውረድ የለበትም። ስለዚህ እነዚህን ኮርሶች "ከዲፓርትመንቴ ውጭ ናቸው" ብለሽ እንዳታቃልያቸው።

ለገሃሬ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡30

አቦ ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ ሥራውስ? ልጅቷ አራት ዓመት ለፍታ ድሬ ላይ ማን ይቀጥራታል? እኔ በስታቲስቲክስ ተመርቄ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጫለሁ። መውጫ ፈተናውንም አልፌ ነው። ወላሂ ተስፋ ላስቆርጣት ብዬ አይደለም። እኔ የሄድኩበትን ሳታውቅ እንዳትሄድ ብዬ ነው።

ደቻቱ ማዶ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡10

ለገሃሬ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ልክ ነው፤ ቁም ነገር ነው የጠየቅከው። እኔ የድሬ ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ኢንሹራንስ ውስጥ አሥር ዓመት ሠርቻለሁ። የማየውን ልናገር።

እኔ ያለሁበት ቦታ የሕይወት መድኑን መጠባበቂያ፣ ወደፊት ለሚከፈለው የሚቀመጠውን ገንዘብ ማለት ነው፣ የሚያሰላልን ባለሙያ ውጭ አገር ነው ያለው። እኛ የደንበኞቹን ዝርዝር በኤክሴል አዘጋጅተን እንልካለን። የልደት ቀን፣ ጾታ፣ ውሉ የተጀመረበት ቀን፣ የመድን ገንዘቡ መጠን። እሱ አስልቶ ሪፖርት ይልካል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው። ሪፖርቱ ሲመጣ ገልጦ "ይህ ቁጥር ከየት መጣ?" ብሎ የሚከራከር ሰው ቢሯችን ውስጥ የለም። እኔ አካውንታንት ነኝ፤ የመጨረሻውን ቁጥር ወስጄ መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ፤ በቃ።

አሁን ደግሞ አይኤፍአርኤስ 17 የሚባለው የኢንሹራንስ ውሎች የሒሳብ አያያዝ ደረጃ መጥቷል። በዓለም ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ነው። ወደፊት የሚከፈለውን ካሳ ዛሬ ባለው ዋጋ አስሉ ይላል። ከላይ እህታችን የጻፈችው የ909 ብሩ ነገር ማለት ነው። ይህን የሚችል ልጅ ቢገኝ እኔ ራሴ እጁን ይዤ ወደ ሥራ አስኪያጁ እወስደዋለሁ።

ጡረታውን ደግሞ አስቡት። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ፣ በድምሩ 18 በመቶ ይገባል። ሰው 60 ዓመት ሲሞላው ጡረታ ይወጣል። 18 በመቶው ይበቃል ወይስ አይበቃም? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው አክቹዋሪ ነው።

ሥራው ድሬ ላይ ላይገኝ ይችላል። ዋና መሥሪያ ቤቶቹ አዲስ አበባ ናቸው። ይህን ሳልደብቅ እነግርሻለሁ። ለገሃሬ፣ አንተም እነዚያን ሁለት ፈተናዎች አስብባቸው። ስታቲስቲክስህ የትም አልሄደም።

ከጀጎል
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ልጄ፣ እኔ የሐረር ሰው ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። "ማቲማቲክስ ግቢ" ብልሽ ደስ ባለኝ፤ ግን የሚጠቅምሽን ነው መናገር ያለብኝ።

የዲፓርትመንቱን ስም ለጊዜው ተዪው። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ቢሮ ክፍት ነው። ሁለቱም ዲፓርትመንት ሄደሽ የኮርስ ዝርዝሩን ጠይቂ። ስትቀበዪ መጀመሪያ የምታዪው ቅድመ ሁኔታ የሚለውን ዓምድ ነው። ፕሮባቢሊቲው ካልኩለስን ቅድመ ሁኔታ ያደርጋል ወይ? ካደረገ ትክክለኛው ኮርስ ነው። ካላደረገ ቀመር በመሸምደድ የሚታለፍ ነው፤ እሱ ለዚህ ሙያ አያደርስሽም።

ስታቲስቲክስ ዲፓርትመንት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፕሮባቢሊቲ ቲዮሪ፣ የዲስትሪቢውሽን ቲዮሪ፣ ኢንፈረንስ፣ ሪግሬሽን፣ ታይም ሲሪስ፣ ስቶካስቲክ ፕሮሰስ፣ ሰርቫይቫል አናሊሲስ (ሞት እስኪመጣ ያለውን ዕድሜ የመሰለ ጊዜ የሚያጠና) እና ዴሞግራፊ (የሕዝብ ቁጥር ጥናት) ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ለአንቺ ወርቅ ናቸው። ሌላው ተማሪ ዴሞግራፊን ለማለፍ ያህል ነው የሚያነበው። አንቺ ግን እዚያ የሕይወት ሠንጠረዥ ትሠሪያለሽ። ከ100,000 ሕፃናት ትጀምሪያለሽ። አንድ ዓመት የሞላቸው ስንት ቀሩ? ሁለት ዓመትስ? እያልሽ እስከ እርጅና ትወርጃለሽ። ገበሬ ያለ ማረሻ፣ አክቹዋሪ ያለዚህ ሠንጠረዥ አይሠራም። ኤድመንድ ሃሌይ፣ ያ በስሙ ጅራታም ኮከብ የተጠራለት ሰው፣ በ1693 ከብሬስላው ከተማ የሞት መዝገብ ተነሥቶ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ አሳትሟል። ተማሪ ሳለሁ ይህን ያነበብኩ ቀን አልረሳውም። ሰማይ ሲያይ የኖረ ሰው የከተማ ቀብር ሲቆጥር!

ማቲማቲክስ ዲፓርትመንት ሪል አናሊሲስ፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ ኑሜሪካል ሜተድስ ይሰጥሻል። ጭንቅላት ያጠነክራል። ዳታ ግን እምብዛም አትነኪም። ስለዚህ እኔን ከሰማሽኝ ስታቲስቲክስ ግቢ። ካልኩለስ ሦስትንና ሊኒየር አልጀብራን ከሒሳብ ልጆች ጋር ተቀምጠሽ ተማሪ። አካውንቲንግና ኢኮኖሚክስ በኢሌክቲቭ ካላገኘሽ መምህሩን አስፈቅደሽ ከኋላ ወንበር ሆነሽ ስሚ። ለመማር ብሎ የመጣ ተማሪን የሚያስወጣ መምህር እኔ አላየሁም።

ሥራው ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሐረር ውስጥ አፎቻ አለ፤ ለሠርጉም ለለቅሶውም አብሮ የሚቆም። ድሬ ዕድር አላችሁ። አንዱ ሲጎዳ ብዙዎች ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ። መድን ማለት ይኸው ነው፤ የጎደለው ስሌቱ ነው።

ናይሮቢ ያለሁ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡00

መምህር ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ በአንድ ነገር ብቻ ልለይ። ፋይናንሱን ከኋላ ወንበር ሆኖ መስማት አይበቃም። እኔ ስታቲስቲክስ ተምሬ ነው እዚህ የመጣሁት። ያቃተኝ ሒሳቡ ሳይሆን የባላንስ ሺት ቋንቋው ነበር። ስብሰባ ላይ ሰው የሚያወራው ስለ ካፒታል፣ ስለ ትርፍ፣ ስለ ሪዘርቭ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ።

ኬንያ ትምህርቱ በስሙ አለ፤ ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የአክቹዋሪያል ሳይንስ ዲግሪ ይሰጣል። እዚህ ብዙ ሰው የሚከተለው የእንግሊዞቹን ማኅበር ፈተና ነው። ያ ማኅበር የለንደኑ ኢንስቲትዩትና የኤድንብራው ፋከልቲ በ2010 ተዋሕደው የፈጠሩት ነው። ፈተናዎቹ በፊደል ይለያሉ። ሲኤስ ስታቲስቲክስ ነው፣ ሲኤም የወለድና የሕይወት ሒሳብ፣ ሲቢ የንግዱ። ሲኤስ ላይ በአር፣ ሲኤም ላይ በኤክሴል መሥራት ይጠየቃል። ሲቢን እዪው፤ ሦስት ፈተና ነው። ፋይናንስ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ማኔጅመንት። ለዚህ ነው አታቃልዪው የምልሽ።

ቀፊራ
ዓርብ፣ ከቀኑ 7፡45

እኔ አልተማርኩም፤ ነጋዴ ነኝ። ግን የዕድር ጸሐፊ ሆኜ 14 ዓመት አገልግያለሁ። መምህሩ ዕድር ሲሉ ነው እዚህ የገባሁት።

የምጠይቃችሁ ይህ ነው። እኛ መዋጮውን ስንወስን ስሌት የለንም። ጎረቤት ዕድር ስንት ይከፍላል? እንል እና ያንኑ እንወስዳለን። ገንዘብ ሲተርፍ ድንኳንና ወንበር እንገዛለን። ባለፈው ዓመት ግን ለቅሶ በዛና ካዝናው ተራቆተ። ለሁለት ቤተሰብ ሙሉውን መስጠት አቅቶን ግማሹን ሰጠን። ያን ቀን ያፈርኩት እፍረት እስካሁን አለቀቀኝም። እንዲህ ያለ ነገር በሒሳብ ይታወቃል?

የሳቢያን ልጅ
ዓርብ፣ ከቀኑ 9፡10

ጋሼ፣ ጥያቄዎ የእኔም ጥያቄ ሆነ። እናቴን ጠይቄ መጣሁ። የእሷ ዕድር 180 አባል አለው። በወር 100 ብር ያዋጣሉ። አባል ሲሞት ለቤተሰቡ 30,000 ብር ይሰጣል። ከዚህ ምን ማወቅ ይቻላል?

መምህር፣ ሁለቱም ቢሮ ሄጄ ነበር። ዝርዝሩን አገኘሁ። የስታቲስቲክሱ ፕሮባቢሊቲ ካልኩለስን ቅድመ ሁኔታ ያደርጋል!

ከዚራ ጥላ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡30

በጣም ደስ የሚል ጥያቄ። ጋሼ፣ አዎ ይታወቃል። እንሥራው።

የዓመት ገቢ፦ 180 ሰው፣ በ100 ብር፣ በ12 ወር፣ 216,000 ብር። ለ30,000 ሲካፈል 7.2 ይመጣል። ካዝናው ከባዶ ቢጀምር ዕድሩ በዓመት 7 ሞት ይችላል። 8ኛው ሲመጣ ይጎድላል።

አሁን አንድ ግምት ልውሰድ። ከ100 አባል በዓመት 2 ይሞታል እንበል። የ180 ሰው አማካይ 3.6 ይሆናል። ሰባት የምትችል ዕድር በአማካይ 3.6 ብቻ ካለባት ትርፍ ያላት ይመስላል። ግን አማካይ አማካይ ነው፤ አንዳንዱ ዓመት ይከፋል። 8 ወይም ከዚያ በላይ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? ይህን የምንመልሰው ፖይሰን በሚባለው ዲስትሪቢውሽን ነው፤ አማካዩ ከታወቀ አንድ ነገር ይህን ያህል ጊዜ የመድረስ ዕድሉን የሚሰጥ ቀመር ነው። ፕሮባቢሊቲ ኮርስ ላይ ትደርሺበታለሽ። ሠርቼዋለሁ፤ ወደ 3 በመቶ ይመጣል።

አሁን ያንኑ ዕድር ከዓመታት በኋላ እንየው። አዲስ ወጣት አባል አልገባም፤ ያሉት አርጅተዋል። አማካዩ ከ3.6 ወደ 6 ከፍ አለ እንበል። አሁንም ከ7 በታች ነው። ሰብሳቢው "ገና እንችላለን" ይላል። 8 ወይም ከዚያ በላይ የመሆን ዕድሉ ግን ከ25 በመቶ አልፏል። ከአራት ዓመት አንዱ ማለት ነው። አማካዩ እጥፍ እንኳ ሳይሞላ አደጋው ስምንት እጥፍ አደገ። ጋሼ፣ ባለፈው ዓመት የገጠማችሁ ይህ ሳይሆን አይቀርም። የእርስዎ ጥፋት አይደለም።

መፍትሔውም እዚያው ሒሳብ ውስጥ አለ። ጥሩው ዓመት ላይ የተረፈው ገንዘብ ትርፍ አይደለም፤ የክፉው ዓመት ገንዘብ ነው። ኢንሹራንስ መጠባበቂያ የሚለው ይህንኑ ነው። ድንኳኑ ከመገዛቱ በፊት ይህ ተቀንሶ መቀመጥ አለበት።

ቀፊራ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡00

እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ይህን ጽሑፍ ለኮሚቴው አነብበዋለሁ። "የክፉው ዓመት ገንዘብ" ያልሽውን እንዳለ አነብበዋለሁ።

ደቻቱ ማዶ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡25

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ከባድ ነገር ነው።

ከላይ ያለው ስሌት አንድ ነገር ታሳቢ አድርጎ ነው የተሠራው። የአንዱ ሰው ሞት ከሌላው ጋር አይያያዝም ብሎ። ኢንዲፔንደንስ ይሉታል። ኮርሱ ላይ በመጀመሪያው ወር የሚሰጥ ነገር ነው፤ ተማሪ ቀለል አድርጎ ያልፈዋል።

የድሬ ሰው ግን ሐምሌ 1998ን ያውቃል። ከ29 ለ30 አጥቢያ ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ወጣ። ዝናቡ የዘነበው ከላይ ደጋው ላይ ነበር፤ ውኃው የደረሰው ሰው በተኛበት ነው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። የእኛ ቤት ከወንዙ ራቅ ይል ስለነበር ተረፍን። ጠዋት ወጥቼ ያየሁት አሸዋ ነው። ልብስ፣ ድስት፣ የበር መቃን፣ ሁሉም አሸዋ ውስጥ። በአንድ ሰፈር ያለ ዕድር አባላቱ አንድ ላይ ነው የተመቱት። ከፋዩም ተቀባዩም አንድ ሰው ሆነ።

ስለዚህ እህቴ፣ ኢንዲፔንደንስ የሚለው ቃል ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ደቻቱን አስቢ። ኢንሹራንስ ለዚህ ብሎ ነው ራሱ ሌላ ኢንሹራንስ የሚገባው፤ ጠለፋ ዋስትና ይባላል። አንድ ከተማ ላይ የተከማቸውን አደጋ ለሌላ አገር ጭምር ያካፍላል። ዕድር ከዕድር ጋር፣ የወንዝ ዳሩ ከደጋው ጋር ተያይዞ ቢሠራ ምን ይመስል ነበር? እያልኩ ሁልጊዜ አስባለሁ። ይህን ማስላት የሚችል ሰው ድሬ ላይ ቢኖር ደስታዬ ነው።

ከጀጎል
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ደቻቱ ማዶ፣ ነፍስ ይማር። እኔም ያን ሳምንት ወርጄ ነበር።

ልጄ፣ አንዲት ጥያቄ ልስጥሽ። የአጎትሽን ባጃጅ እንውሰድ። ባጃጁ ቢገጭ የጉዳቱ መጠን ኤክስፖኔንሺያል ዲስትሪቢውሽን አለው፤ ትንሹ ጉዳት ብዙ ጊዜ፣ ትልቁ አልፎ አልፎ ይደርሳል ማለት ነው፤ አማካዩ 8,000 ብር ነው። በውሉ ላይ ኤክሰስ 2,000 ብር አለ። ከጉዳቱ የመጀመሪያውን 2,000 ብር አጎትሽ ይችላል፤ ኢንሹራንሱ ከዚያ በላይ ያለውን ይከፍላል። ባጃጁ በተገጨ ቁጥር ኢንሹራንሱ በአማካይ ስንት ይከፍላል?

የሳቢያን ልጅ
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡15

8,000 ሲቀነስ 2,000። 6,000 ብር?

ከጀጎል
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡40

ብዙ ተማሪ የሚሰጠው መልስ ነው። እስቲ እንየው። ጉዳቱ 500 ብር ብቻ ቢሆን ኢንሹራንሱ ስንት ይከፍላል? ዜሮ። አንቺ ግን 2,000ን ከሁሉም ላይ ቀንሰሻል፤ ለዚህኛው ከዜሮ በታች 1,500 ብር ከፈለ ብለሻል። ኢንሹራንስ ከተጎጂ ገንዘብ አይቀበልም።

ስለዚህ ከ2,000 ጀምሮ ያለውን ብቻ ነው ኢንተግሬት የምናደርገው። ሲሠራ 8,000፣ "ኢ" (2.718 ገደማ የሆነ ቋሚ ቁጥር) ለኔጌቲቭ 0.25 ከፍ ሲል በሚመጣው ቁጥር ይባዛል፤ እሱም 0.7788 ነው። መልሱ ወደ 6,230 ብር ይመጣል። 230 ብሩ ትንሽ ትመስላለች። ለአንድ ሺህ አደጋ ስታስቢው 230,000 ብር ነው። ካልኩለስ ቅድመ ሁኔታ የሆነው ለዚህ ነው። ፒ ፈተና ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣል። ማኅበሩ የመለማመጃ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው በነፃ ድረ ገጹ ላይ ያስቀምጣል፤ አውርጂና በቀን ሁለት ሁለት ሥሪ።

ለገሃሬ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡20

መምህር፣ እኔም 6,000 ብዬ ነበር። የተመረቅኩ ሰው ነኝ። ጥያቄዎቹን ዛሬ አውርጃለሁ። የሳቢያን ልጅ፣ ከፈለግሽ አብረን እንሥራ። ካልኩለስ ሁለት ደብተሬ አለ፤ እሰጥሻለሁ።

የሳቢያን ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡50

ፎርሙን መልሻለሁ። አንደኛ ምርጫ ስታቲስቲክስ። አባቴ ቅዳሜ ማታ ይህን ሁሉ አነበበው። የዕድሩን ስሌት ሁለት ጊዜ ነው ያነበበው። ከዚያ "ጤናም ሰው ማዳን ነው፤ ይሄም ያው ነው" ብሎ ፈረመልኝ። ለገሃሬ፣ ደብተሩን እቀበላለሁ፤ በጣም አመሰግናለሁ።

ሌላም ነገር አለ። የእናቴ ዕድር ጸሐፊ መዝገቡን አሳዩኝ። በሰማያዊ ቢክ የተጻፈ ትልቅ ደብተር ነው። ጠርዙ በፕላስተር ተለጥፏል። የሞተ አባል ስም ላይ በቀይ መስመር ተሠርቶ ጎኑ ቀን ተጽፏል። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ከ2009 እስከ 2016 ባሉት ስምንት ዓመታት፦ 2፣ 4፣ 3፣ 5፣ 3፣ 6፣ 4፣ 5። ድምሩ 32፣ አማካዩ 4። ግን የመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት 14 ናቸው፤ የኋለኞቹ አራት 18። እየጨመረ ነው ማለት ነው? ለኮሚቴው ልንገራቸው?

ከዚራ ጥላ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ቁጥሮቹን ሳይ ልቤ ሞቀ። በእጅሽ ቆጥረሽ ያመጣሽው ዳታ ነው።

ግን ገና አትንገሪያቸው። 14 እና 18 ልዩነታቸው 4 ነው። ምንም ሳይለወጥ፣ በአጋጣሚ ብቻ፣ በሁለቱ መካከል ሊኖር የሚችለው መዋዠቅ የ32 ስኩዌር ሩት ያህል ነው፤ ወደ 5.7። ያየሽው ልዩነት ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ ጨምሯል ለማለትም አልጨመረም ለማለትም አይበቃም። ይህን የሚያስተምርሽ ኢንፈረንስ ነው፤ መምህር ከጠቀሱት ኮርሶች አንዱ። በአማካይ 4 ከወሰድን ካዝናው በአንድ ዓመት የሚጎድልበት ዕድል ወደ 5 በመቶ ነው። ይህንን ግን መንገር ትችያለሽ።

ዕድሩ እያረጀ ነው ወይ? ለሚለው የሞቱትን ብቻ መቁጠር አያደርስም። በሕይወት ያሉት 180ዎቹ ዕድሜያቸው ስንት ነው? መዝገቡ ላይ ዕድሜ አለ?

የሳቢያን ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

የለም። ስምና የቤት ቁጥር ብቻ ነው። እናቴን ጠየቅኳት፤ እሑድ የወር መዋጮ ሲሰበሰብ አብሬያት ሄጄ እያንዳንዱን እጠይቃለሁ። የልደት ቀናቸውን የማያውቁ ካሉ ምን ብዬ ልመዝግብ?

ቀፊራ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

እሱን ለእኔ ተዪው ልጄ። ትልልቆቹን "ቀንሽ ስንት ነው?" ብለሽ አትጠይቂያቸው። "ጣሊያን ሲወጣ ተወልደው ነበር? ደርግ ሲገባ ስንት ልጅ ነበረዎት?" ብለሽ ጠይቂ። ሁለት ዓመት ቢሳሳት ነው። እኔም በእኛ ዕድር እንዲሁ አድርጌ እመዘግባለሁ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ታዪያቸዋለሽ።

ከዚራ ጥላ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡45

ጋሼ እንዳሉት አድርጊ። ከዕድሜው ጎን ደግሞ "በግምት" የሚል ዓምድ ጨምሪ፤ ቀኑን በትክክል የሚያውቁትንና የተገመተላቸውን እንዳትቀላቅዪ። ሲያልቅ በኤክሴል ላኪልኝ።